«ያንተ ፕሮግራም ለምን ይከስራል?»

በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ በራሱ ካፒታል ፊውቸርስ (ወደፊት ለሚፈጸም ግብይት ዋጋው ዛሬ የሚቆረጥበት ውል) በሚነግድ አንድ አነስተኛ የሐበሻ ድርጅት ውስጥ በምሠራበት ጊዜ፣ ስትራቴጂዎቻችንን ባክቴስት የምናደርግበትን፣ ማለትም ባለፈው ጊዜ ዋጋ ላይ የምንፈትንበትን፣ ፕሮግራም አወዳድረን እንድናቀርብ ለእኔና ለአንድ ወጣት ባልደረባዬ ሥራ ተሰጠን። ወጣቱ የድርጅቱ ባለቤት የእህት ልጅ ነው፤ ይህን የምጠቅሰው ለነገሩ ያን ያህል ስለሚጠቅም ሳይሆን፣ ሳልጠቅሰው ማለፍ ስለከበደኝ ነው።

ለውድድር የቀረቡት ሦስት ነበሩ። ሜታትሬደር 5 ቶሎ ወጣ፤ ያለፉትን ትክክለኛ ቲኮች፣ ማለትም እያንዳንዷን የዋጋ ለውጥ፣ እየተከተለ መፈተን መቻሉ የሚያስመሰግነው ቢሆንም፣ ግብይታችንን የሚያስፈጽምልን ብሮከር ስለማያቀርበው ነገሩ በዚያው ተዘጋ። የቀሩት ትሬዲንግቪውና አሚብሮከር ናቸው። ትሬዲንግቪው በብራውዘር ይከፈታል፣ ቻርቱ ያማረ ነው፣ ፓይን ስክሪፕት የሚባለው ቋንቋው በጥቂት መስመር ብዙ ያሠራል፣ የዋጋ ታሪኩም አብሮት ይመጣል። አሚብሮከር ደግሞ ዊንዶውስ ላይ የሚጫን፣ መልኩ የድሮ የሚመስል፣ ዳታው ለብቻው ተገዝቶ የሚገባለት፣ ነገር ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ አክሲዮኖችን በአንድ ጊዜ ሲፈትን ፍጥነቱ የሚያስገርም ፕሮግራም ነው። እሱ የመጀመሪያውን፣ እኔ ሁለተኛውን ያዝን።

የምንፈትነው ሕግ አንድ ነበር፤ ማይክሮ ኢ-ሚኒ ኤስ ኤንድ ፒ 500ን፣ የታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ኢንዴክስ የሚከተለውን አነስተኛ የፊውቸርስ ኮንትራት፣ የመግዣ ምልክቱ በታየ ማግሥት ገበያው በተከፈተበት ዋጋ መግዛት፣ ስቶፕ (ኪሳራ የሚቆረጥበት) 25 ነጥብ፣ ታርጌት (ትርፍ የሚወሰድበት) 40 ነጥብ። በዚህ ኮንትራት አንድ ነጥብ 5 ዶላር ስለሆነ፣ ስቶፑ ሲነካ 125 ዶላር ይሄዳል፣ ታርጌቱ ሲነካ 200 ዶላር ይገባል። ጊዜው ያለቀ ኮንትራት በአዲስ ሲቀየር የሚፈጠረውን የዋጋ ክፍተት ሁለታችንም በአንድ መንገድ አስተካክለናል፤ ኮንትራቱ የሚነገድበት የቺካጎ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መሆኑንም አልዘነጋንም። ውጤቱ ሲወጣ ግን የእሱ የትርፍና ኪሳራ መስመር ወደ ላይ ተሰቀለ፣ የእኔ ቁልቁል ወረደ።

ጋሼ፣ የድርጅቱን ባለቤት ሁላችንም እንዲያ ነው የምንጠራቸው፣ ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሥራ የፈጁ፣ የመኪና ማቆሚያ ደረሰኝ ሲቀርብላቸው እንኳ ሰዓቱን ከቀኑ ጋር የሚያመሳክሩ ሰው ናቸው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግተው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ያንተ ፕሮግራም ለምን ይከስራል?»

«ጋሼ፣ የሚከስረው ፕሮግራሙ አይደለም። ሕጉ ነው።»

«ሕጉ አንድ ነው አላላችሁኝም?»

«አንድ ነው።»

«እንግዲያው የእሱ ለምን አተረፈ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ጥያቄ በዚያ ሳምንት ማንም አልጠየቀም። እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ፣ መልሱን ሳይጠብቁ ወደ የእህታቸው ልጅ ወረቀት መመለሳቸው ነው።

መልሱ ያለው በአንዲት ካንድል፣ የአንድን ጊዜ የዋጋ እንቅስቃሴ በቻርት ላይ በምታሳይ ምሰሶ፣ ውስጥ ነው። የደቂቃ ዳታ በሚፈልገው ያህል ወደ ኋላ ስላላስኬደው፣ ልጁ የፈተነው በቀን ካንድል ነበር። የቀን ካንድል መክፈቻውን፣ ከፍተኛውን፣ ዝቅተኛውንና መዝጊያውን ይናገራል፤ ከከፍተኛውና ከዝቅተኛው የትኛው እንደቀደመ ግን አይናገርም። ስቶፑም ታርጌቱም በአንድ ቀን ክልል ውስጥ ሲገኙ ፕሮግራሙ ከመገመት ሌላ አማራጭ የለውም፤ ትሬዲንግቪው እንዴት እንደሚገምትም በመመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል። መክፈቻው ለከፍተኛው ዋጋ ከቀረበ ገበያው በመጀመሪያ ወደ ላይ እንደሄደ፣ ለዝቅተኛው ከቀረበ በመጀመሪያ ወደ ታች እንደወረደ አድርጎ ይቆጥራል። ነውር የለበትም፤ መመሪያውን ያላነበበ ሰው ግን ግምቱን እንደ ታሪክ ይወስደዋል። እኔ ለአሚብሮከር የአንድ ደቂቃ ዳታ ስላስገባሁለት ከግምቱ አብዛኛውን አስቀርቻለሁ።

ይህን በቃል ማስረዳት እንደማይሆንልኝ ሳውቅ አንዱን ቀን መርጬ አተምሁላቸው። በዚያን ቀን ዋጋው ከመክፈቻው 44 ነጥብ ወጥቶ ነበር፣ 60 ነጥብም ወርዶ ነበር። መክፈቻው ለከፍተኛው ስለሚቀርብ በልጁ ወረቀት ላይ ታርጌቱ ቀድሞ ተነክቶ 200 ዶላር ትርፍ ተመዝግቧል። በደቂቃ ዳታው ላይ ግን ገበያው ጠዋቱን ሙሉ ሲወርድ አርፍዶ፣ ስቶፑን አስነክቶ፣ ያገገመው ከሰዓት በኋላ ነው፤ 125 ዶላር ኪሳራ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ኮንትራት፣ የ325 ዶላር ልዩነት ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ቀኖች ተደራርበው ነው ሁለቱን መስመሮች ያራራቋቸው። የልጁ የኮሚሽንና የስሊፔጅ (በታሰበው ዋጋና በተፈጸመው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት) ሳጥኖች ፕሮግራሙ ሲከፈት እንደነበሩ ዜሮ ላይ መቀመጣቸውንም አይቻለሁ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ክርክር ይበቃል ብዬ አላነሣሁትም።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። በማግሥቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2022ን ይዞ መጣ። በሙያው ያለ ሰው ያንን ቀን አይረሳውም፤ የአሜሪካ የዋጋ ንረት 8.2 በመቶ መሆኑ ጠዋት ተነግሮ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከ2 በመቶ በላይ ከወረደ በኋላ ተገልብጦ 2.6 በመቶ ወጥቶ ነው የዘጋው።

«እዚህ ላይ የእኔ ምን አለ?» አለ ልጁ። «መጀመሪያ ወረደ አለ። ስቶፕ ተነካ ብሎ ኪሳራ መዘገበ። እውነቱስ? ያው ነው።»

የጋሼ ፊት በራ። «አየህ፣ ሲከስርም አይደብቅም» አሉኝ።

መክፈቻው ለዝቅተኛው በመቅረቡ ግምቱ ከእውነቱ ጋር እንደገጠመ፣ ሌላ ቀን ሊስት እንደሚችልና ትናንት ያሳየኋቸውም ይህንኑ መሆኑን ለማስረዳት ሞከርሁ። በመጨረሻ በሚያውቁት መንገድ ልምጣባቸው ብዬ፣ አንድ ባለ ሱቅ ደረሰኝ ሳይዝ በግምት የጻፈው ሒሳብ አንድ ቀን ከካዝናው ጋር ቢገጥም መዝገቡን ይፈርሙለት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እሱማ ሌላ ነገር ነው» አሉ።

ትሬዲንግቪው ተገዛ፤ ያውም ብዙ ቻርት በአንድ ስክሪን ለመደርደር ይመቻል ተብሎ ውዱ ጥቅል። ከዚያ ወዲህ ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ሁለት ፕሮግራሞች ሲወዳደሩ ከቻርቱ ውበትና ከዋጋው በፊት በካንድሉ ውስጥ ምን እንደሚገምቱ መጠየቅ እንደሚገባ እናገራለሁ። ይህን የምናገረው ታዲያ የራሴን ቻርት በትሬዲንግቪው ከፍቼ ነው፤ ለዓይን ይመቻል፣ ምን ይደረግ።

ውዱ ጥቅል ባር ማግኒፋየር የሚባል ምርጫ አለው። በቅንብሩ ውስጥ ምልክት ሲደረግበት ካንድሉን ከፍቶ፣ በውስጡ ባሉት ትንንሽ ካንድሎች ዳታ የትኛው ዋጋ እንደቀደመ ያያል። ያጨቃጨቀንን ነገር በአብዛኛው የሚፈታው መሣሪያ፣ እንግዲህ፣ ገንዘብ ከፍለን በገዛነው ዕቃ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ምሽት ሁሉም ከወጡ በኋላ ምልክቱን አደረግሁበት፤ ዳታው በደረሰበት በቅርቡ ዓመታት ክፍል መስመሩ ቁልቁል ወረደ። እንደዚያው ትቼው ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ጠዋት ስገባ ምልክቱ ተነሥቶ፣ መስመሩ ወደ ቦታው ተመልሶ አገኘሁት። ጋሼ ቡናቸውን ይዘው ከስክሪኑ ፊት ቆመዋል።

«ማታ ፕሮግራሙ ተበላሽቶ አድሮ ነበር» አሉኝ። «ደግነቱ ልጁ በማለዳ ገብቶ አስተካከለው።»