መኖ ላይ የሚነሰነሰው ቢጫ ዱቄት

አምና ክረምት ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቤታችን ጓሮ 60 ጫጩቶች አስገብቼ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት በየማለዳው ሦስት አራቱ ሞተው ስለማገኛቸው መኖ ወደምገዛበት ሱቅ ሄድኩ፤ ሻጩም ምልክታቸውን እንኳ ሳይጠይቀኝ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ (ባክቴሪያን የሚዋጋ መድኃኒት) ዱቄት አንድ ከረጢት አውጥቶ «ይህችን ሁልጊዜ መኖው ላይ ነስነስ አድርግላቸው፤ አይሞቱም፣ ቶሎም ይወፍራሉ» አለኝ።

ምክሩን ከራሱ አላመነጨውም። በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች፣ የዚህ ዱቄት ዘመድ የሆነው ክሎርቴትራሳይክሊን ከተመረተ በኋላ የሚቀረውን አተላ የበሉ ጫጩቶች ከሌሎቹ ፈጥነው ማደጋቸውን አስተዋሉ፤ የጠላ አተላ ለከብት ለምንሰጥ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይመስልም። ችግሩ ግን መጠኑ ላይ ነው። ለሕክምና የሚሰጥ መድኃኒት በተወሰኑ ቀናት በሽታ አምጪውን ለማጥፋት ሲታዘዝ፣ በየቀኑ በጥቂቱ የሚነሰነሰው ደካሞቹን ተህዋስያን ገድሎ ብርቱዎቹን ያስቀራል፤ የተረፉትም ይራባሉ፣ መድኃኒቱን የሚቋቋሙበትን ባሕርይ ለሌሎች ዝርያዎች ጭምር ያስተላልፋሉ። ተስቦ ለያዘው ሰው የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊንም የዚሁ የቴትራሳይክሊን ቤተሰብ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1986፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2006 ዕድገት ለማፋጠን ሲባል አንቲባዮቲክ ከመኖ ጋር መቀላቀልን የከለከሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

እኔ ግን ዱቄቱን አምስት ቀን ሰጠኋቸው፤ ሞቱም አልቆመም። በመጨረሻ የመጣው የእንስሳት ሐኪም መድኃኒቱን ዞር ብሎም አላየው፤ ከወለሉ ሰጋቱራ አንድ እፍኝ አንሥቶ ሲጨምቀው መዳፉ ላይ ረግቶ ቀረ፣ ሽታውም ዓይን ያቃጥል ነበር። ጫጩቶቹ የሌሊቱን ብርድ ሽሽት በአንዲት አምፖል ሥር እየተደራረቡ እንደሚተፋፈኑ አሳየኝ፤ ፈንግል ቢሆን ኖሮም በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ የሚከላከለው ክትባት እንጂ ይህ ዱቄት እንዳልሆነ ነገረኝ። ሰጋቱራውን ለወጥኩ፣ ሁለተኛ አምፖል ሰቀልኩ፣ ነፋስ የሚመጣበትን ግድግዳ ከላይ አየር ማስገቢያ ትቼ በማዳበሪያ ከረጢት ጋረድኩ። 41 ጫጩቶች ተረፉልኝ።

ከዱቄቱ ግማሹ ተርፎ ስለነበር ጎረቤታችን የሆኑ እናት ላማቸው ስትታመምባቸው ሊወስዱት መጡ። መድኃኒቱን ስለሚላመዱ ተህዋስያን ብዙ አስረዳኋቸው፤ ዝም ብለው ሰሙኝ፣ እጃቸውን ግን ከከረጢቱ ላይ አላነሡም። ወደ ወተቱ ከገባ የሚያረጋውን ተህዋስ ስለሚገድል እርጎ እንደማይሆንላቸው ስነግራቸው ግን ከረጢቱን መልሰው «የሐኪሙን ስልክ ስጠኝ» አሉኝ።