ፀጉር ለራንዌይ፣ ለፊልምና ለመድረክ፦ እንዴት እንደምሰራውና ምን እንደተማርኩ

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው "ይሄን ቅርጽ እንዴት አመጣሽው?" ተብዬ ነው። ለኔ ግን ቅርጹ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ስራ ስቀበል መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄን ፀጉር ማን ነው የሚያየው፣ ከምን ያህል ርቀት ነው የሚያየው፣ ደሞ ለስንት ሰዓት ነው ሳይበላሽ መቆም ያለበት የሚለውን ነው። ራንዌይ፣ ማለትም የፋሽን ትርኢት መተላለፊያ ላይ አንድ ሞዴል ሄዳ እስክትመለስ አንድ ደቂቃ እንኳን ላይሞላ ይችላል፣ ፊልም ላይ ያው ፀጉር ለወራት በየቀኑ አንድ አይነት ሆኖ መምጣት አለበት፣ መድረክ ላይ ደሞ መጨረሻ ወንበር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሊያየው ይገባል። ያው እጅና ያው ማበጠሪያ ነው ግን ሶስቱ ሶስት የተለያየ ስራ ናቸው።

የጀመርኩት ራንዌይ ላይ ረዳት ሆኜ ነው። ረዳት ማለት ፒን የሚያቀብል ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ዋናው የፀጉር ባለሙያ ከሾው በፊት ከዲዛይነሩ ጋር ቁጭ ብሎ ልብሶቹን ያያል፣ አንድ ሞዴል ላይ ሙከራ ይሰራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በቃ ይሄ ነው ሲባል ያ ፎቶ ከመድረክ ጀርባ ይለጠፋል፣ የሾው ቀን ለቡድኑ አንዴ ሰርቶ ያሳያል ከዛ በኋላ እኛ ያንኑ በየሞዴሉ ጭንቅላት ላይ እንደግማለን። ችግሩ ጭንቅላቶቹ አንድ አይነት አይደሉም፣ አንዷ ቀጭን ለስላሳ ፀጉር አላት፣ ሌላዋ ጥቅጥቅ ያለ ከርዳዳ ፀጉር፣ ሶስተኛዋ ከሌላ ሾው እየሮጠች መጥታ ጄልና ስፕሬይ ተጋግሮባታል፣ ሁሉም ግን ሲወጡ አንድ ሀሳብ መምሰል አለባቸው። ስለዚህ ረዳት ሆኜ የተማርኩት ትልቁ ነገር መኮረጅ ሳይሆን የዲዛይኑን ሀሳብ መያዝ ነው፣ የግንባሩ መስመር ጥርት ማለቱ ነው ዋናው ወይስ ከኋላ ያለው ክብደት፣ እሱን ካወቅሽ በየትኛውም ፀጉር ላይ በሌላ መንገድ ትደርሽበታለሽ።

እዚህ ላይ ሳይንሱን ማወቅ በጣም ነው የሚጠቅመው። ፀጉር በአብዛኛው ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ውስጡ ሃይድሮጅን ቦንድ የሚባሉ ደካማ ማያያዣዎች አሉ፣ ውሃና ሙቀት ይፈታቸዋል፣ ፀጉሩ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ ደሞ በተገኘበት ቅርጽ ላይ እንደገና ይያያዛሉ። ቢጉዲን የሚሰራው በዚህ ነው፣ ፒያስትራም እንደዛው። ቅርጹን የሚያቆመው ማሞቁ ብቻ ሳይሆን መቀዝቀዙ ነው፣ ካርሉን ከብረቱ አውጥቼ ትኩስ እያለ አልለቀውም፣ ጠቅልዬ በፒን ይዤ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ እተወዋለሁ ከዛ ነው የምበጥረው። አየሩ እርጥበት ሲኖረው ካርል የሚዘረጋውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ እርጥበቱ ገብቶ ማያያዣዎቹን ይፈታል፣ ያኔ ቅርጹን በሙቀት ብቻ ሳይሆን በፒንና በስፌት ጭምር እንዲቆም አድርጌ ነው የምሰራው። ለሙቀቱ፣ ለቀጭን ፀጉር 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይበቃኛል፣ ለወፍራም እስከ 180 እሄዳለሁ፣ ከ200 በላይ ግን አልጠቀምም ፕሮቲኑ ራሱ መጎዳት ይጀምራል። እርጥብ ፀጉር ላይ ፒያስትራ ደሞ ጭራሽ አይታሰብም፣ ውስጡ ያለው ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆንና ፀጉሩ ውስጥ አረፋ ይፈጥራል፣ ያ ቦታ በኋላ ይሰበራል።

ራንዌይ ላይ ከውሃ የወጣ የሚመስል ፀጉር በጣም ይወደዳል፣ በውሃ ግን አይሰራም። ውሃ መብራት ስር ይደርቃል፣ አንዷ ሞዴል እርጥብ ሌላዋ ደረቅ ሆና ትወጣለች። እኔ ጄል በትንሽ በትንሹ እየደረብኩ እያንዳንዱን ድርብ እያበጠርኩ እሰራና በፎን ቀዝቃዛ አየር እንዲደርቅ አደርገዋለሁ፣ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ስፕሬይ በጣም ጥቂት፣ ሲነካ ደረቅ ሲታይ እርጥብ። ምክንያቱም ልብስ አለ። ዘይት ያለው ነገር ሐር ላይ አንዴ ካረፈ በቀላሉ አይለቅም፣ የዲዛይነሩን የወራት ስራ በአንድ የዘይት ጠብታ ማበላሸት ማለት ነው። ስለዚህ ሁሌ አስቀድሜ አንገቱ ምን አይነት ነው፣ በጭንቅላት ነው የሚጠለቀው ወይስ ከኋላ ነው የሚዘጋው ብዬ አለባሾቹን እጠይቃለሁ። በጭንቅላት የሚጠለቅ ከሆነ ፀጉሩን በመረብ ሸፍኜ የመጨረሻውን ክፍል ከለበሰች በኋላ ነው የምጨርሰው። ሰልፍ ላይ ቆመው ሊወጡ ሲሉ ደሞ ከፊት ብቻ አላይም። ፎቶ አንሺዎቹ ራንዌዩ ጫፍ ላይ ሆነው ፊት ለፊት ነው የሚያነሱት፣ ተመልካቹ ግን ጎንና ጎን ነው የተቀመጠው፣ ሞዴሏ ስትመለስ ደሞ ጀርባዋ ነው በየስልኩ የሚቀረጸው።

ከስር ያለው መሰረት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቪዲዮዎች ላይ ቶሎ የሚታለፈው እሱ ነው። ወደ ላይ የሚያዝ ማንኛውም ትልቅ ፀጉር ስር የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል፣ እኔ ከስር ቀጭን ሹሩባ እሰራለሁ ወይም ፀጉሩን በአንድ ቦታ ሳይሆን በሁለት ቦታ በላስቲክ አስራለሁ፣ ክብደቱ ይከፋፈላል ጭንቅላትም አይጎትትም። ፒን ዝም ብሎ ሲሻጥ ይንሸራተታል፣ ሁለት ፒን ኤክስ ሰርተው ሲቆላለፉ ግን አይነቃነቁም፣ የፒኑ ሞገድ ሞገድ ያለው ጎኑ ወደ ራስ ቅል ዞሮ ነው የሚገባው። ከዛ በላይ የምደርበው ሁሉ፣ የፀጉር ቅጥያውም፣ ስፖንጁም፣ ጌጡም፣ እሱ ላይ ነው የሚሰካው። ቤት ሲሰራ ከመሰረቱ በፊት ጣሪያ እንደማይወጣው ማለት ነው። ሰርቼ ስጨርስ ሞዴሏን ጎንበስ በይ፣ ጭንቅላትሽን ነቅንቂ እላታለሁ፣ የሚወድቅ ካለ እዛው ይውደቅ።

ወደ ፊልም ስገባ ስራው ከወንበሩ በፊት ወረቀት ላይ ነው የሚጀምረው። ስክሪፕቱን አንብቤ ታሪኩን በቀን እከፋፍለዋለሁ፣ የቀረጻ ቀን ሳይሆን የታሪኩ ቀን ማለቴ ነው፣ ምክንያቱም ፊልም በቅደም ተከተል አይቀረጽም፣ ጠዋት የመጨረሻውን ትዕይንት ከሰዓት የመጀመሪያውን ልትሰሪ ትችያለሽ። ገጸ ባህሪዋ በር ከፍታ ስትወጣ ያለው ትዕይንት ዛሬ፣ ውጪ ያለው ደሞ ከሶስት ሳምንት በኋላ ሊቀረጽ ይችላል፣ ፊልሙ ላይ ግን አንድ ሰከንድ ነው ልዩነቱ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትዕይንት በፊትና በኋላ ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከኋላ ፎቶ አነሳለሁ፣ ክፋዩ በየት በኩል እንደሆነ፣ የትኛው ጸጉር ጆሮ ጀርባ እንደገባ፣ ምን ምርት ምን ያህል እንደተጠቀምኩ እጽፋለሁ። ኮንቲኒዩቲ የሚባለው ይሄ ነው፣ አሰልቺ ሊመስል ይችላል፣ ለኔ ግን የፊልም ፀጉር ግማሹ እሱ ነው።

ሌላው ግማሽ ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ማወቅ ነው። ይቺ ገጸ ባህሪ ፀጉሯን ማን ነው የሚሰራላት? ራሷ ናት? መስታወት አላት? ጠዋት ስንት ደቂቃ አላት? ራሷ የሰራችው ፀጉር ከኋላ ትንሽ ያልተስተካከለ ነው፣ ከታመመች አንድ ጎኑ ትራስ ላይ ተጨፍልቋል፣ ሀዘን ላይ ካለች ከስር የተፈጥሮ ቀለሟ መውጣት ይጀምራል። ዳይሬክተሩ ላይለው ይችላል ተመልካቹም በስም አይጠራው ይሆናል ግን ያምነዋል። ቆንጆ ፀጉር ካልሰራሁ የሚለውን ስሜት እዚህ መተው አለብን፣ አንዳንዴ ትክክለኛው ዲዛይን የተጎሳቆለ ፀጉር ነው፣ እሱንም ደሞ በየቀኑ እኩል አጎሳቁሎ ማምጣት ቀላል አይደለም። የድሮ ዘመን ታሪክ ከሆነ ደሞ ቅርጹን ብቻ ሳይሆን በዛ ዘመን የነበረውን መሳሪያ አጠናለሁ፣ ለምሳሌ በእሳት የሚሞቀው የፈረንሳዊው ፀጉር ሰሪ የማርሴል ግራቶ መተኮሻ ብረት በፈረንጆቹ 1870ዎቹ ነው የመጣው፣ ከዛ በፊት ባለ ታሪክ ላይ ያንን ጥርት ያለ ማዕበል ካስቀመጥሽ ዘመኑ ይፈርሳል።

ዊግ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ጥሩ የፊልም ዊግ ሌስ በሚባል በጣም ስስ መረብ ላይ በቀጭን መርፌ እየተቋጠረ ነው የሚሰራው፣ ግንባሩ ላይ አንድ በአንድ፣ ሳምንታት ይፈጃል። ካሜራ አሁን በጣም ጥርት አድርጎ ስለሚያሳይ የሌሱ ጠርዝ ክሎዝ አፕ ላይ ከታየ ተዋናይቷ ምንም ያህል ጎበዝ ብትሆን ተመልካቹ ከታሪኩ ይወጣል። ከስር የራሷን ፀጉር ጠፍጣፋ አድርጌ እጠቀልለዋለሁ ወይ በቀጭኑ እጎነጉነዋለሁ፣ ሙጫውን ከቀረጻው ቀናት በፊት ክንዷ ላይ እሞክረዋለሁ አለርጂ እንዳይኖራት፣ ሌሱን ሳነሳ ሙጫውን በሚያሟሟ ፈሳሽ በብሩሽ ቀስ እያልኩ ነው፣ መጎተት የለም። ጥቁር ፀጉር ደሞ ብርሃን ይውጣል፣ በዓይን የምታዪው ዝርዝር ካሜራ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ከመብራት ሰዎቹ ጋር የካሜራ ሙከራ እንዲደረግ አጥብቄ እጠይቃለሁ፣ አንዳንዴ በጣም ስስ የሆነ ቡናማ መስመር ማስገባት ቅርጹን ያወጣዋል። ከኋላ መብራት ሲኖር ደሞ ብን ብን የሚሉት ትንንሽ ፀጉሮች ሁሉ ይበራሉ፣ ኪሴ ውስጥ ስፕሬይ የተነፋበት የጥርስ ብሩሽ የማይጠፋው ለዛ ነው።

ለኛ ስራ የሚሰጠው የኦስካር የፊልም ሽልማት ዘርፍ ለረጅም ጊዜ ሜካፕ ብቻ ነበር የሚባለው፣ ፀጉር ስራ ስሙ ላይ የተጨመረው በፈረንጆቹ 2012 ነው። በፈረንጆቹ 2021 ደሞ የፀጉር ባለሙያዎቹ ሚያ ኒል እና ጃሚካ ዊልሰን በዚህ ዘርፍ ያሸነፉ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴቶች ሆኑ። ይሄን የማነሳው ደስ ስለሚለኝ ብቻ አይደለም። እስካሁን ድረስ ከርዳዳ ፀጉር መስራት የማይችል ቡድን ትልልቅ ስራ ላይ ይመደባል፣ ሞዴሏ ወይ ተዋናይቷ ቤቷ ራሷ ሰርታ፣ የራሷን ቅባት በቦርሳዋ ይዛ ትመጣለች። ይሄ ያናድደኛል። አራቱንም አይነት ፀጉር፣ ቀጥ ያለውን፣ ማዕበል ያለውን፣ ካርሉንና ከርዳዳውን መስራት የማይችል ሰው ቡድኔ ውስጥ አላስገባም፣ ለመማር የመጣ ከሆነ ግን ከጎኔ አቁሜ አስተምረዋለሁ።

መድረክ ላይ የሚያወራው ጥላው ነው፣ ማለትም የፀጉሩ ውጫዊ ቅርጽ። ከሩቅ ዝርዝር አይታይም። ዲዛይኑን ስጨርስ አዳራሹ ባዶ እያለ ሞዴሏን መድረክ ላይ አቁሜ ራሴ መጨረሻው ረድፍ ሄጄ እቀመጣለሁ፣ ከዛ ሆኖ ካልገባኝ አተልቀዋለሁ ወይ አቀልለዋለሁ። ትልቅ ነገር ማለት ከባድ ነገር ማለት አይደለም፣ ውስጡን በቀጭን ሽቦና በመረብ ባዶ አድርጌ ሰርቼ ላዩን ብቻ በፀጉር እሸፍነዋለሁ፣ ክብደቱ ከአናት በላይ እንዲያርፍ እንጂ ወደ ኋላ እንዳይጎትት፣ አለበለዚያ አንገቷ ይጎዳል አካሄዷም ይበላሻል። ዳንሰኛ ከሆነች ላብ አለ፣ ዘፋኝ ወይ ተዋናይ ከሆነች የማይክ ሽቦ በፀጉሩ ውስጥ ያልፋል፣ ከድምጽ ሰዎቹ ጋር አስቀድሜ ካልተስማማሁ የሚንቀሳቀስ ጌጥ ሁሉ ማይኩ ላይ ይንኳኳል። ሻማ ወይ ርችት ያለበት መድረክ ላይ ስፕሬይ በጣም አደገኛ ነው፣ ብዙዎቹ አልኮልና ተቀጣጣይ ጋዝ አላቸው፣ እዛ ላይ ድርድር የለኝም፣ ነበልባል ካለ ፀጉሩ በስፌትና በፒን ነው የሚቆመው።

ተመልካች ፊት እየሰሩ ማሳየት ደሞ ሌላ ነው። ሙሉ ስራውን ከዜሮ ጀምሬ ሰው እንዲጠብቀኝ አላደርግም፣ ያንኑ ዲዛይን በተለያየ ደረጃ ያለቀ አድርጌ በሌሎች ሞዴሎች ላይ አዘጋጃለሁ፣ መሰረቱን አንዷ ላይ አሳይቼ ወደሚቀጥለው ደረጃ ወዳለችው እሻገራለሁ። ከሞዴሏ ጎን ነው የምቆመው፣ ጀርባዬን ለሰው አልሰጥም፣ እጄ ከባድ ነገር ሲሰራ ዝም እላለሁ፣ ሲቀል አወራለሁ።

ፀጉሩን መፍታቱን ሁሉም ይረሳዋል። ሾው ሲያልቅ ሁሉም ይሄዳል፣ ሞዴሏ ግን ያን ሁሉ ጄልና ፒን ተሸክማ ቀርታለች፣ ቤቷ ሄዳ ብቻዋን ስትጎትተው ነው ፀጉሯ የሚነቀለው፣ በተለይ የግንባሩ መስመር ተደጋግሞ ሲወጠር ቀስ በቀስ ይሸሻል። እኔ ፒኖቹን ሳስገባ እቆጥራለሁ ስፈታ ያው ቁጥር መውጣት አለበት፣ ስፕሬይ የደረቀበትን በኮንዲሽነር አለስልሼ ከጫፍ ወደ ስር ነው የምበጥረው። ለዚህ ሰዓት ስለሚያስፈልግ ስራ ስቀበል የመፍቻ ጊዜው ፕሮግራሙ ላይ ገብቶ እንዲከፈልበት አስቀድሜ አስጽፋለሁ፣ ለቡድኔም ከሾው በኋላ የሚቆየው ማን እንደሆነ ጠዋቱኑ እመድባለሁ።