ከኋላ የሚቀመጠው ማን ነው?

የቤተሰብ መኪና ሊገዙ ወደ እኛ የሚመጡ ሰዎች በመጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ሰው ይይዛል?» ብለው ነው። «ሰባት» የሚል መልስ ሲሰሙ ፊታቸው ይፈካል። ከዚያ ወሬው ወደ ባትሪው፣ ወደ ዋጋውና ወደ ቀለሙ ይሄዳል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ገብቶ የሚቀመጥ ገዢ ብዙ አይገጥመኝም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመኪና መሸጫ በሽያጭ ሠራተኛነት ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ እንደዚህ ያሳሰበኝ ነገር የለም። አባወራው መሪውን ይዞ፣ የቆዳውን ወንበር ዳብሶ ይወስናል፤ ከኋላ ታጥፎ የሚጓዘው ሰው ግን ውሳኔው ላይ የለም።

ገበያው ራሱ በአጭር ጊዜ ተለውጧል። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ ሆኑ፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው የሚገቡት 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፈልባቸው ተወሰነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከለከለ። ቀድሞ ቤተሰቡ የበዛ ሰው ያገለገለ ፕራዶ ያፈላልግ ነበር፤ አቅሙ የማይፈቅድለት ቶዮታ ራሽ ወይም ሱዙኪ ኤርቲጋ ይገዛል። ዛሬ ግን ዓይኑ የሚያርፈው ከቻይና በሚመጡት ባለ ሦስት ረድፍ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ነው። ቢዋይዲ ታንግ አለ። ፎልክስዋገን ለቻይና ገበያ ብሎ እዚያው ቻይና ያመረተው አይዲ 6 ደግሞ በከተማችን ጎዳናዎች እንደ ልብ ይታያል። አይዲ 6 ባለ ስድስት ወንበርም ባለ ሰባት ወንበርም ሆኖ ይመረታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለብዙ ገዢዎች የአንድ ወንበር ጉዳይ ብቻ ይመስላቸዋል።

ይህን የምጽፈው ስለ አንድ ደንበኛ ነው። ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ፣ ረጋ ያለ ነጋዴ ነው። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጣና ግቢያችን ውስጥ የቆመውን ነጭ ባለ ሰባት ወንበር አይዲ 6 ዞሮ አየው። ብዙም አልተከራከረም። «ሰኞ ሲፒኦ አሠርቼ እመጣለሁ» አለኝ። ቀጥሎም መኪናውን የሚገዛው በተለይ ለእናቱ ብሎ እንደሆነ ነገረኝ። እናቱ በየጊዜው ደብረ ሊባኖስ መሄድ ይወዳሉ፤ እስካሁን ይወስዳቸው የነበረው በኪራይ መኪና ነው። የሚስቱ ቤተሰቦች ደግሞ ሐዋሳ ናቸው፤ ለበዓል ወደዚያ ይወርዳሉ።

«ጋሼ፣ ከኋላ የሚቀመጠው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ልጆቹ ናቸው፤ ሌላ ማን ይቀመጣል?»

«ቁመታቸው ምን ያህል ነው?»

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የሴት ልጁን አሳየኝ። ከዚያ ወደ ትከሻው አነሣው፣ ጥቂት አሰበና ከራሱ በላይ ከፍ አደረገው። ወንዱ ልጅ በዚያ ክረምት ተመዝዞ ኖሯል። «እንግዲያውስ ቅዳሜ ሁላችሁም ኑና በየወንበራችሁ ተቀመጡ፤ ለመንገድ የምትይዟቸውን ሻንጣዎችም አምጡ» አልሁት። በሐሳቡ ተስማምቶ ሄደ።

ሥራ አስኪያጃችን ንግግራችንን ከመስታወቱ ማዶ ሰምቶታል። ወዲያው ጠራኝ። «ሊከፍል የመጣን ሰው ቤተሰብህን ሰብስበህ ና ትይዋለሽ? እስከ ቅዳሜ ስንት ቤት ይዞራል!» አለኝ። ስጋቱ መሠረት የሌለው አልነበረም። አንድ መኪና ግቢ ውስጥ በቆመ ቁጥር ገንዘብ ታስሮ ይቆያል፤ አዲስ ሞዴል በገባ ቁጥርም የቀድሞው ዋጋ ይወርዳል። እኔ ግን በሐሳቤ ጸናሁ። አንድ ሰው ለእናቴ ብሎ የገዛው መኪና ለእናቱ ካልተመቸ፣ የሽያጩ ደስታ ከወር አያልፍም። ከዚህ በፊት መኪናውን በገዛ በጥቂት ጊዜ ውስጥ «አሻሽጡልኝ» ብሎ የተመለሰ ደንበኛ አይተናል፤ ምክንያቱም ይኸው የሦስተኛው ረድፍ ጉዳይ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ታክሲ መጡ። አባት፣ እናት፣ ወንዱ ልጅ፣ መንገድ የሚያማት ሴት ልጅና ነጠላቸውን ያጣፉ አያት። የአያትየውን ክንድ የያዘች፣ ቦርሳቸውን የተሸከመች አንዲት ወጣት አብራቸው ነበረች፤ እንደ ወረዱ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ቆመች። አባትየው «እኛ አምስት ነን፤ ሁለቱ ወንበር ለእንግዳ ትርፍ ነው» አለኝ።

ማንም ከፊት እንዳይጀምር ለመንኋቸው። መጀመሪያ ወንዱ ልጅ ገባ። የመካከለኛውን ረድፍ ወንበር ወደፊት ገፍተን፣ አንገቱን ሰብሮ፣ በአንድ እጁ ጣሪያውን እየጠበቀ አለፈና ተቀመጠ። ጉልበቱ ወደ ደረቱ ተጠጋ። ባትሪያቸው ከወለል ሥር በተዘረጋ መኪኖች ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ወለሉ ከፍ ስለሚል ከኋላ የሚቀመጥ ሰው እግር ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል። ጭኑ ወንበሩ ላይ አያርፍም፤ ክብደቱ ሁሉ ወገቡ ላይ ይወድቃል። ለሰፈር መንገድ ግድ የለም። ሐዋሳ ድረስ ግን ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። የራስ መደገፊያውን ስቤ ከፍ አደረግሁለትና በራሱና በኋላው መስታወት መካከል ያለውን ክፍተት በእጄ ለክቼ ለአባቱ አሳየሁት። ብዙዎች መደገፊያውን ዝቅ እንዳለ ይተውታል፤ ከኋላ የሚመጣ ግጭት አንገትን የሚጎዳው ደግሞ ያኔ ነው።

ሴት ልጁ ከወንድሟ ጎን ልትገባ ስትል እናቷ ያዘቻት። «እሷን መንገድ ያማታል፤ ሎሚ ይዘን ነው የምንጓዘው» አለች። የሦስተኛው ረድፍ መስኮት አይከፈትም። አየር የሚያስፈልጋት ልጅ እዚያ ልትቀመጥ አትችልም፤ ወደ መካከለኛው ረድፍ መጣች።

አያትየውን በቀኝ በኩል፣ በእግረኛው መንገድ አቅጣጫ ባለው በር አስገባናቸው። መወጣጫው ከፍ ስላለባቸው ከጥበቃው ቤት ዱካ አመጣሁላቸው። እጀታውን ይዘው፣ ስመ ሥላሴ ጠርተው ወጡና ተቀመጡ። ወንበሩን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው «ደግ ነው» አሉ። አባትየው ደስ አለው።

በዚህ መካከል ወንዱ ልጅ መውረድ ፈለገ። የሚታጠፈው ወንበር አያቱ የተቀመጡበት ነው። በግራ በኩል እህቱ አለች፤ መንገድ ላይ ደግሞ የግራው በር የሚከፈተው መኪና ወደሚያልፍበት አቅጣጫ ነው። «እማማ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ይውረዱልን» አልናቸው። ወጣቷ መጥታ ደገፈቻቸው፤ ወረዱ፤ ልጁ ወጣ፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ልጁ ሲገባ እንደገና ወረዱ። በዚህኛው ጊዜ ወደ መኪናው አልተመለሱም። ነጠላቸውን አስተካክለው ዱካው ላይ ቁጭ አሉና እንዲህ አሉ፦

«እናንተ ሂዱ ልጆቼ። እኔ ከቤት እቀራለሁ።»

በቁጣ አልተናገሩትም። የሰው መንገድ የሚያደናቅፉ መስሏቸው ነው። አባትየው እጁን አፉ ላይ አደረገ። ከእሳቸው በቀር ሊያስደስተው የፈለገው ሰው አልነበረም፤ መኪናው ገና ሳይገዛ ለመቅረት የወሰኑት እሳቸው ሆኑ። ብዙ አረጋውያን እንዲህ ብለው ቀርተዋል ብዬ አምናለሁ። አስቸገርኳችሁ ይላሉ እንጂ ወንበሩ አልተመቸኝም አይሉም።

ጥቂት ቆይተው ደግሞ ቀና አሉና በግድግዳው ጥግ የቆመችውን ወጣት አዩ። «ለመሆኑ እሷ የት ልትቀመጥ ነው? ያለ እሷ የት እደርሳለሁ?» አሉ። አባትየው ቤተሰቡን ሲቆጥር እሷን አልቆጠራትም ነበር። ስድስት ናቸው ማለት ነው።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ባለ ስድስት ወንበር ነበረ፤ ተሽጦ ሰሌዳ እስኪወጣለት የሚጠብቅ ነው። እንዲቀመጡበት ብቻ ሥራ አስኪያጁን ለማስፈቀድ ልሄድ ስል፣ እሱ ራሱ ቁልፉን ይዞ ሲመጣ አየሁት። አያትየው ያሉትን ሰምቷል። በሩንም የከፈተላቸው እሱ ነው።

በባለ ስድስቱ መካከለኛው ረድፍ ላይ ያሉት ሁለት የተለያዩ ወንበሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ሰው የሚያልፍበት ክፍተት አለ። አያትየው በቀኝ ተቀመጡ፣ ሴት ልጁ በግራ፣ መስኮት ከሚከፈትበት። ወንዱ ልጅ በመካከላቸው አልፎ ኋላ ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ፤ አያቱ ጉልበታቸውን እንኳ አላነቃነቁም። እግሩንም በክፍተቱ በኩል ወደፊት ዘረጋ። ቁመቷ አጠር ያለው ወጣት ከጎኑ ተቀመጠችና የደህንነት ቀበቶዋን አሠረች። አያትየው ወደ ኋላ ዞረው «ተመቸሽ?» ብለው ጠየቋት።

«እንግዳ ሲመጣስ?» አለ አባትየው፤ ሰባተኛዋ ወንበር አሁንም ከልቡ አልወጣችም።

ሚስቱ መለሰችለት። «እንግዳ የሚመጣው በዓመት በዓል ነው። እማማ ግን በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።»

ቀጥለን ሻንጣዎቹን ሞከርን። ሦስተኛው ረድፍ ሳይታጠፍ ከኋላው የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው፤ ሁለቱ ሻንጣዎች ቆመው ገቡ፣ ሦስተኛው በሩን አላዘጋ አለ። ከዘመድ ቤት ሲመለሱ ደግሞ ቅቤውም፣ ጤፉም፣ ማሩም አለ። ጣሪያው ላይ ዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ ማሠራት እንደሚቻል ነገርኋቸው፤ ግን በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ሰሌዳ አሳየኋቸው። ጽሑፉ ቻይንኛ ቢሆንም የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት በኪሎ ግራም ተጽፏል። ከዚያ ላይ የባዶውን መኪና ክብደት ስትቀንሱ የሚቀረው ለሰውና ለዕቃ የተፈቀደው ነው። ወንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ የሁሉንም ክብደት ደመረ። ስድስት ሰው ከተቀመጠ በኋላ ለዕቃ የሚተርፈው ሰዎች ከሚገምቱት በጣም ያንሳል፤ ጣሪያውም የራሱ ወሰን አለው።

ስለ ባትሪውም አልደበቅሁትም። ትልቁን ባትሪ የያዘው አይዲ 6 ሲወጣ በቻይና መለኪያ እስከ 588 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ነበር። ሰው ሞልቶ፣ ጣሪያው ላይ ዕቃ ተጭኖ፣ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ሐዋሳ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነችው አዲስ አበባ ሽቅብ ሲመጣ ያንን ቁጥር ማሰብ አይገባም። ወደ ሐዋሳ ሲወርድ በተረፈው ባትሪ ተማምኖ የመልሱን መንገድ መገመት የብዙ አሽከርካሪዎች ስሕተት ነው።

የእኛ ባለ ስድስት መኪኖች ገና ጅቡቲ ነበሩ። ደንበኛው ሊጠብቅ ሞከረ፤ ዳሩ ግን በዓሉ ስለደረሰበት ከሌላ ነጋዴ ገዛ። ደውሎ ሲነግረኝ አፍሮ ነበር፤ እኔ ግን ከልቤ መረቅሁት። ኮሚሽኑ ማለፉ አላስደሰተኝም፤ የቤት ኪራይ እከፍላለሁና። ሆኖም ነጩን መኪና ሰኞ ዕለት ብሸጥለት ኖሮ የሴትየዋ «እቀራለሁ» ማለት ቤታቸው ውስጥ ይነገር ነበር፤ ያኔ ደግሞ ሰሚ አይኖርም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሥራ አስኪያጁ ነገሩን አነሣው። አንዱ ባልደረባዬ ጊዜ ማባከን ነው አለ፤ ሌላው «አሻሽጡልኝ» ብሎ የተመለሰውን ደንበኛ አስታወሰ። ክርክሩ ረዘም ብሎ ነበር። በመጨረሻ ባለ ስድስቱና ባለ ሰባቱ ጎን ለጎን እንዲቆሙ፣ ዱካውና ሁለት ባዶ ሻንጣዎችም አጠገባቸው እንዲቀመጡ ተወሰነ። በቀጣዩ ትእዛዝም ባለ ስድስት ወንበሮቹ በቁጥር ጨመሩ።

ባለ ሰባቱ መጥፎ ነው አልልም። በቅርቡ አምስት ትናንሽ ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት መጡ፤ አያት አብሯቸው አይኖርም፣ ከልጆቹ ትልቁ ገና አንደኛ ደረጃ ነው። ለእነሱ ባለ ስድስቱ አንድ ልጅ ሜዳ ላይ ይጥላል። እናትየው ትንሹን ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ ብላ ነበር፤ በድንገተኛ ፍሬን የእናት ክንድ ሕፃኑን ሊይዘው እንደማይችል አስረዳኋት፤ ሁለት ልጅ በአንድ ቀበቶ ማሠርም እንዲሁ አደገኛ ነው። አምስቱንም በየራሳቸው ቦታ አስቀመጥናቸው። ለትንሹ የልጅ ወንበር ከመካከለኛው ረድፍ ላይ ገጠምን፤ ሁለቱ ትልልቆች ከኋላ ገቡ፤ ቀበቶዎቹ በአንገታቸው ሳይሆን በትከሻቸው ላይ ማለፋቸውን አባትየው ራሱ አንድ በአንድ አየ። ባለ ሰባቱን ወሰዱ።