ቤቱ እዚያ፣ እኔ እዚህ

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ ለአጭር ቆይታ በማከራየው ቤቴ በዚያ ምሽት ማረፍ የነበረበት እንግዳ ነው። ከሚስቱና ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋር በሩ ላይ ቆሟል፤ የላክሁለትን ቁጥር ደጋግሞ ቢመታም በሩ አልከፈት ብሎታል። እኔ ከቤቱ በአውሮፕላን የሁለት ሰዓት መንገድ ርቄ አልጋዬ ላይ ነኝ። በስልኩ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማኛል።

በሩ በቁጥር የሚከፈት ኤሌክትሮኒክ ቁልፍ አለው። ከሦስት ቀን በፊት ስልኬ ላይ ስመለከት ባትሪው ከግማሽ በላይ እንዳለው ያሳይ ነበር። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ «ብዙ ይቆያል» ብዬ የሊቲየም ባትሪ አስገብቼበት ነበር። ሊቲየም እስከ መጨረሻው ድረስ ኃይሉን ሳይቀንስ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ነው የሚወድቀው። የቁልፉ መለኪያ ደግሞ ቀስ በቀስ ለሚደክመው ለተለመደው የአልካላይን ባትሪ የተሠራ ስለሆነ ማለቁን አላየም። ብዙ አምራቾች አልካላይን ብቻ ተጠቀሙ ብለው መመሪያው ላይ ይጽፋሉ። እኔ መመሪያውን አላነበብኩም።

ያን ሌሊት ያዳኑኝ ቤቱን የሚይዙልኝ እናት ናቸው። ከእንቅልፋቸው ቀሰቀስኳቸው፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ መጠባበቂያ ቁልፍ ይዘው ደረሱ፣ ልጆቹን አስገብተው አልጋቸውን አሳይተው ተመለሱ። በማግስቱ ይቅርታ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ባትሪውን እኔ ልያዘው፤ አንተ ከዚያ ሆነህ አታየውም» አሉኝ። ቤትን ከሩቅ ስለማከራየት ከተማርኩት ነገር ሁሉ ትልቁ እዚህ አረፍተ ነገር ውስጥ አለ። እኔ ያኔ የማስበው በስልኬ ከሩቅ ስለምቆጣጠራቸው መሣሪያዎች ብቻ ነበር።

ዛሬ ባትሪው ምንም ያሳይ ምን በየስድስት ወሩ ይቀየራል። ከበሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ በቁጥር የሚከፈት፣ ባትሪ የሌለው ትንሽ የቁልፍ ሣጥን ተተክሏል። የሣጥኑን ቁጥር የምሰጠው ችግር ሲፈጠር ብቻ ነው፤ እንግዳው ሲወጣም ይቀየራል። ኤሌክትሮኒክ ቁልፍ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ የእንግዶችን ቁጥር በራሱ ውስጥ የሚይዝ ዓይነት ይሁን። እንዲህ ዓይነቱ ዋይፋይ ቢጠፋም ይከፍታል።

እኚህን እናት ከማግኘቴ በፊት በሰዓት የሚከፈለው የጽዳት ድርጅት ነበረኝ። በየጊዜው የተለየ ሰው ይልኩ ነበር። የሚመጣው ሁሉ መሬቱን ይወለውላል፣ አልጋውን ያነጥፋል፤ የመታጠቢያው ቧንቧ ከሳምንት በፊት ያልነበረ ጠብታ መጀመሩን ግን ማንም አያውቅም፤ ምክንያቱም ከሳምንት በፊት የነበረው ሌላ ሰው ነው። እሳቸው ግን ቤቱን ያስታውሱታል። የምከፍላቸውም በሰዓት ሳይሆን በአንድ እንግዳ መውጣትና መግባት ነው፤ ቤቱን ዞረው ለሚያዩበት ደግሞ ለብቻው እከፍላለሁ። ሁለተኛው ክፍያ ከመጀመሪያው የበለጠ ጠቅሞኛል ብዬ አምናለሁ።

እንግዳ የሚወጣው ረፋድ 5 ሰዓት፣ አዲሱ የሚገባው 9 ሰዓት ነው። በእነዚያ 4 ሰዓታት ውስጥ ምን እንደሚሠሩ አንድ ቀን ሄጄ ቁጭ ብዬ አየሁ። መጀመሪያ መስኮት ይከፍታሉ፤ ከዚያ በፊት ግን በሩ ላይ ቆመው ያሸታሉ። ሲጋራ፣ ሻጋታ፣ ጋዝ፣ የፍሳሽ ሽታ በዚያች ቅጽበት ካልተያዘ አፍንጫ ይለምደዋል። ቀጥለው አንሶላውን ገፈው የፍራሹን ጠርዝ በስፌቱ በኩል በባትሪ መብራት እየዞሩ ያያሉ፤ ትኋን የሚተዋቸውን ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ነው የሚፈልጉት። ቧንቧዎቹን ሁሉ ይከፍታሉ፣ መጸዳጃውን ይለቃሉ፣ መብራቶቹን ያበራሉ። የየክፍሉን ፎቶ ልከውልኝ ሲወጡ ነው ቤቱ ዝግጁ ነው የምለው። ፎቶዎቹ አንድ ነገር ሲሰበር መቼ እንደተሰበረም ይነግሩኛል።

በእነዚያ 4 ሰዓታት የማይቻለው አጥቦ ማድረቅ ነው። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ አልጋ አንድ ቅያሪ ብቻ ገዝቼ ነበርና እርጥበት ያልለቀቀው አንሶላ የተነጠፈበት ቀን አለ፤ እንግዳውም ነገረኝ። አሁን ለአንድ አልጋ ሦስት ሙሉ ስብስብ አለኝ፦ አንዱ አልጋው ላይ፣ አንዱ እጥበት ላይ፣ አንዱ ቁም ሣጥን ውስጥ። ሁሉም ነጭ ነው፤ ነጭ በበረኪና ይታጠባል፣ አንዱ ቢበላሽ ከሌላው ጋር የሚመሳሰል ማግኘትም አያስቸግርም።

ስለ ባዶ ቤት ማንም አልነገረኝም ነበር። እንግዳ በሚጠፋበት ወቅት ቤቱ ለአምስት ሳምንት ተዘግቶ ከረመ። ከዚያ በኋላ የገባው የመጀመሪያ እንግዳ «ቤቱ ፍሳሽ ይሸታል» ብሎ ጻፈልኝ። ቧንቧ ፈንድቷል ብዬ ባለሙያ ላክሁ፤ ፈታትቶ አየና ምንም አላገኘም፣ ሒሳቡን ግን ከፈልኩ። በሚቀጥለው ዓመት ያው ሽታ ሲመለስ እኚህ እናት አንድ ጆግ ውሃ ገላ መታጠቢያው ወለል ላይ ባለው ቀዳዳ አፈሰሱና ሽታው ጠፋ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በየፍሳሹ ሥር ያለው ጎባጣ ቧንቧ፣ ሲፎን የምንለው፣ ሁልጊዜ ውሃ ይይዛል፤ ከታች የሚመጣውን ሽታ የሚዘጋው ያ ውሃ ነው። ቤቱ ሲዘጋ ውሃው ይተናል፣ መንገዱም ይከፈታል።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ባዶ ሲሆን በየሳምንቱ ይሄዱና ቧንቧዎቹን ሁሉ፣ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም፣ ለጥቂት ደቂቃ ይለቃሉ። ጥቅሙ ለሽታ ብቻ አይደለም። የቆመ ለብ ያለ ውሃ፣ በተለይ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ ከባድ የሳንባ ምች የሚያስከትለው ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። ስለዚህ የውሃ ማሞቂያው 60 ዲግሪ ላይ ይቆማል፤ እንግዳ እንዳይቃጠል ደግሞ ገላ መታጠቢያው ላይ ሙቁን ከቀዝቃዛው የሚቀላቅል መቆጣጠሪያ አስገጥሜያለሁ። ከጉብኝቱ በኋላ ዋናው የውሃ መዝጊያ ይዘጋል፤ ማንም በሌለበት የሚፈነዳ ቱቦ ቤት ያፈርሳል።

ቤቱን በሁለት ድረ ገጾች ላይ ሳወጣ በአንዱ የተያዘ ቀን በሌላው እንዲዘጋ ካላንደራቸውን በሊንክ አገናኘሁና ጨረስኩ ብዬ ተቀመጥኩ። ይህ ዓይነቱ ማገናኛ ወዲያው እንደማይሠራ አላወቅሁም፤ አንዱ ሌላውን የሚያየው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል። አንድ ዓርብ ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ሰዓት ልዩነት ያንኑ ሌሊት ያዙ። ለአንደኛው ሌላ ማረፊያ ፈልጌ ከኪሴ ከፈልኩ፤ በስልክ ያናገርኳት የዚያ ቤተሰብ እናት ድምፅ ግን እስካሁን ይከብደኛል። አሁን አንዱ ላይ ብቻ ነው ወዲያው መያዝ የሚቻለው፤ በሌላኛው የሚመጣው ጥያቄ እኔ ካየሁት በኋላ ይጸድቃል።

ገንዘቡን በሚመለከት ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዋጋ አልነበረም። በአንድ ሌሊት የሚሄዱ እንግዶችን እቀበል በነበረ ጊዜ 30 ሌሊት ማለት 30 ጽዳት ነበር። ዝቅተኛውን ቆይታ 3 ሌሊት ሳደርገው ያው 30 ሌሊት በ10 ጽዳት አለቀ። የተያዙት ሌሊቶች ትንሽ ቀነሱ፣ በእጄ የሚቀረው ግን ጨመረ፤ እኚያ እናትም እሑዳቸውን አገኙ።

ኢንሹራንሱን ያነበብኩት ከገባሁበት በኋላ ነው፤ ውሌ በገንዘብ የሚያድር እንግዳ ያደረሰውን ጉዳት አይሸፍንም ነበር። ተራ የመኖሪያ ቤት ውል ብዙውን ጊዜ እንዲያ ነው። የማከራያ ፈቃዱንም ቤት ከመግዛት በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። ኒውዮርክ ከመስከረም 2023 ጀምሮ ባለቤቱ አብሮ ካላደረ ከ30 ቀን በታች ማከራየትን በጥብቅ መቆጣጠር ጀምራለች፤ ባርሴሎናም የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶችን እስከ 2028 ለማስቀረት ማቀዷን አስታውቃለች። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ባለቤቱ ሩቅ በሆነበት ቤት ላይ እንዲህ ያለው ሕግ ሥራውን በአንድ ቀን ያቆመዋል።

ሩቅ ስሆን ካሜራ የመትከል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር፤ ተውኩት። ቤቶች ለእንግዳ የሚከራዩበት ድረ ገጽ ኤርቢኤንቢም ከሚያዝያ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ቤት ውስጥ ካሜራን በየትም አገር ከልክሏል፤ ትክክል ነው። ሰው ልብሱን የሚያወልቅበት ቤት ነው። በምትኩ ድምፅ ሳይቀዳ የጩኸት መጠን ብቻ የሚለካ መሣሪያ አለኝ፤ መኖሩን እንግዳው ቤቱን ከመያዙ በፊት ያነባል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ግን መቅረት የሌለበት ነገር ነው፤ ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም።

ለእንግዳ የምልከው መልእክት ብዙ ነበር፤ አሁን የማልተወው አንዱን ነው። በገባበት ምሽት «ሁሉም በፎቶው እንዳዩት ነው? የጎደለ ካለ ዛሬውኑ ይንገሩኝ» እላለሁ። ሰው ሲጠየቅ ይናገራል፤ ያን ምሽት የነገረኝን ማስተካከል እችላለሁ፣ ከሄደ በኋላ ኮከብ ቀንሶ የጻፈውን ግን አልችልም።

በዓመት ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ሌሊት እንደ እንግዳ አድራለሁ። ቁጥሩን መትቼ እገባለሁ፣ አበስላለሁ፣ በዚያው ፎጣ እታጠባለሁ። ባለፈው ጊዜ አልጋ ላይ ተጋድሜ ስልኬን ቻርጅ ላድርግ ስል ሶኬቱ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ነው፤ ቤቱ ሦስት ዓመት ሲከራይ ማንም አልነገረኝም። ጠዋት እኚያ እናት ሲመጡ ነገርኳቸው። «እኔም ልነግርህ ነበር» ብለው ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በእርሳስ የተጻፉ ዘጠኝ ነገሮች ነበሩበት፤ ሶኬቱ አራተኛው ላይ ነበር።