ድምፅ የማያሰማው አሞርዛተር

አሞርዛተር፣ ማለትም የመኪናን ንጥረት የሚያበርደው ዕቃ፣ መቼ መቀየር እንዳለበት ከደንበኛ ጋር ተከራክሬ ያሸነፍኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። የቀዩ ጎልፍ ጉዳይ ግን ከሌሎቹ ሽንፈቶች ሁሉ ይለያል፤ የተረታሁት በገዛ ቃሌ ነውና።

መኪናዋ ጎልፍ 5 ጂቲአይ፣ የቮልስዋገን ጎልፍ ፈጣኑ ዓይነት፣ ነበረች። ለማያውቃት ሰው ከማንኛዋም የቤተሰብ ጎልፍ የማትለይ ባለ አጭር ኋላ መኪና ትመስላለች፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የወጣው ይህ ሞዴል ግን ባለ ሁለት ሊትር ቱርቦ ሞተሩ 200 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ቁመቱም ከተራው ጎልፍ በ15 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ሞላውም የዚያኑ ያህል ጠንካራ ነው። ባለቤቱ በደላላ የገዛት ወጣት ሲሆን፣ ወደ ጋራዣችን በሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ የፊቷ ግራ በኩል «ኳ ኳ» እያለች መጣች። ከኋላ መቀመጫው ላይ ከሶማሌ ተራ የተገዙ አራት ያገለገሉ አሞርዛተሮች በጋዜጣ ተጠቅልለው ተጋድመዋል። ደላላው ድምፁ የአሞርዛተር እንደሆነ ነግሮት ስለነበር ከእኛ የሚፈልገው ምርመራ ሳይሆን ገጠማ ብቻ ነበር።

አለቃችን እንደ ልማዳቸው ኮፈኑን በሁለት እጃቸው ደቁሰው ለቀቁት። መኪናዋ አንድ ጊዜ ብድግ ብላ ቀጥ አለች። «ይህ እንኳን ደህና ነው» አሉና ወደ ቢሯቸው ገቡ። በአሮጌ ኮሮላ ላይ ይህ ፍተሻ ጥቂት ነገር ይናገር ይሆናል፤ የጂቲአይ ሞላ ግን በሰው ክንድ ይህን ያህል ስለማይታጠፍ፣ አሞርዛተሩ ቢኖርም ባይኖርም መኪናዋ ቀጥ ማለቷ አይቀርም። በዕድሜና በልምድ ለሚበልጥ ሰው ይህንን መንገር ከባድ ስለሆነ ዝም ብዬ መኪናዋን ፖንቴ (የመኪና ማንሻ) ላይ ሰቀልኳት።

ከሥር ስትታይ ነገሩ ግልጽ ነበር። መኪናዋ በኩርባ ላይ እንዳታጋድል የሚይዘውን ብረት ከጎማው በኩል የሚያገናኘው ዘንግ፣ የግራው ስታብላይዘር ሊንክ፣ ጫፍ ላይ ያለው ኳስ ቅባቱ ደርቆ በጣት ብቻ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ድምፁ የእሱ ነው። አሞርዛተሮቹ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነበራቸው። በላዩ ላይ ስስ የዘይት ወዝ ያለበት አሞርዛተር ገና ይሠራል፤ የእነዚህ ግን ዘይቱ እስከ ታች ወርዶ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ጭቃ ሆኗል። ከዘንጉ ላይ ያለው የስፖንጅ መደገፊያ ተፈርፍሮ አልቋል። ወጣቱን ጠርቼ የፊት ጎማውን በመዳፉ እንዲዳስስ አደረግኩት፤ እጁ በአንድ በኩል ሲሄድ ለስላሳ ነበር፣ ሲመለስ ግን ጥርሱ እንደ መጋዝ ያዘው። ጎማ እንዲህ ከሚበላባቸው ምክንያቶች አንዱ መንገዱን በእኩል ሳይረግጥ እየነጠረ መሄዱ ነው።

ቀጥሎ ያመጣቸውን አራቱን አወጣሁ። አንዱን ወለሉ ላይ አቁሜ ዘንጉን ገፋሁት፤ ገባ፣ በዚያውም ቀረ። ጋዝ ያለው አሞርዛተር ሲለቀቅ ቀስ እያለ ራሱ ይመለሳል። የቀሩት ሦስቱም እንደዚያው ነበሩ፤ የሞተውን አውጥቶ ሌላ የሞተ ለመግጠም የእጅ ዋጋ ማስከፈል ደግሞ ሕሊናዬ አልፈቀደልኝም። ስለዚህ አልገጥምም አልኩት፤ ሁለቱንም ሊንኮች ቀየርኩና አብረን ወጣን።

ኮብልስቶኑ ላይ መኪናዋ ጭጭ አለች። ወጣቱ መሪውን በደስታ መታ መታ አደረገና፣

«ወንድሜ፣ እንግዲያው አሞርዛተሩ ደህና ነበር ማለት ነዋ!» አለኝ።

«አይደለም። ድምፁ የሊንኩ ነበር። አሞርዛተሩ ድሮም ድምፅ አልነበረውም።»

«ታዲያ ድምፅ ከሌለው ለምን ይቀየራል?»

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ከእሱ በኩል ሲታይ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነበርና። የአሞርዛተር ሥራ ጎማውን ከመንገዱ ጋር አጣብቆ መያዝ እንደሆነ፣ ሲደክም በተበላሸ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ስለሚነጥር ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ ፍሬኑን የሚቆጣጠረው) ደጋግሞ እንደሚለቅና መኪናዋ ለመቆም የሚያስፈልጋት ርቀት እንደሚረዝም አስረዳሁት። እንዲህ ያለው ድካም በአንድ ሌሊት ስለማይመጣ ነጂው ሳያውቀው እንደሚለምደው፣ 200 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና ደግሞ ከማንም ይልቅ ይህንን ችላ ልትል እንደማትችል ጨመርኩለት። እሱም በትሕትና አዳመጠኝና ፍሬኑ በደንብ እንደሚይዝ፣ የዘንድሮውንም ምርመራ አልፎ ቦሎ እንደወሰደ ነገረኝ። የት የት እንደሚነዳት ስጠይቀው ከቦሌ መገናኛ አለኝ። በአዲሱ የኮሪደር አስፋልት ላይ ደግሞ የሞተ አሞርዛተር ያለው መኪናም ምንጣፍ ላይ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

አልፈርድበትም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ካደረሰ ወዲህ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለና በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሬ ከተለቀቀ ወዲህ፣ አሮጌ መኪናውን ይዞ የቀረ ሰው ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ጊዜ ማሰቡ አይገርምም። የጎልፍ የፊት አሞርዛተር ደግሞ ብቻውን አይቀየርም፤ በጥንድ ይገዛል፣ የላይኛው ጎሚኒና ኩሽኔታ አብሮት ይቀየራል፣ ሲጠብቁ የሚለጠጡት ብሎኖች ዳግመኛ አይታሰሩም፣ በመጨረሻም አላይመንት፣ የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ አለ። ይህን ሁሉ ሰምቶ ለማይሰማ ድምፅ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ብዙ አይገኝም።

አለቃችን ክርክራችንን ከቢሮ ሆነው ይሰሙ ነበርና፣ «ሰውዬው ድምፅ ይዞ መጣ፣ ድምፁ ሄደ። ምን ትጨቀጭቀዋለህ?» አሉኝ። በጆብ ካርዱ (የሥራ መዝገብ ወረቀቱ) ላይ «የፊት አሞርዛተሮች ዘይት ያፈሳሉ፤ በጥንድ ይቀየሩ፤ ደንበኛው አልፈለጉም» ብዬ ጻፍኩና ሸኘሁት።

ከወራት በኋላ ያችው ቀይ ጎልፍ ተመልሳ መጣች፤ በዚህ ጊዜ ግን ሊገዛት የፈለገ ጎልማሳ ሰው ለማስፈተሽ ነበር ያመጣት። ሻጩ ወጣትም አብሮ ነበር። ፖንቴው ላይ ሰቅዬ ያንኑ ጭቃ፣ ያንኑ ጎማ ለገዢው አሳየሁና አሞርዛተሮቹ ማለቃቸውን ነገርኩት። ወጣቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ጋሼ፣ እሱን አይስሙት! አራት አሞርዛተር ገዝቼ ይዤለት መጥቼ አልገጥምም ያለኝ እሱ ራሱ ነው። ችግሩ የሊንክ ነው ብሎ ሊንክ ቀየረ፣ ድምፁም ጠፋ። ዛሬ ደግሞ አሞርዛተር ይላል!» አለ።

ከተናገረው ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም። ከዋሸ ሰው ጋር መከራከር ቀላል ነው፤ እውነቱን አንድ በአንድ ደርድሮ ውሸት ከሚሠራበት ሰው ጋር ግን ምን ይባላል? ገዢው እኔን እንደ ዕቃ ሻጭ፣ ወጣቱን እንደ ተበደለ ሰው አየን። ካርዱን ከፋይል አውጥቼ ሳሳየው ግን ሻጩ ዝም አለ፤ ገዢውም ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሻጩን ወደ ውጭ ይዞት ወጣ፤ ሲመለሱ ዋጋው በአንድ ጥንድ አሞርዛተር ልክ ቀንሶ ተስማምተው ነበር።

ከዚህ በመነሳት ለአዳዲስ ልጆቻችን የምነግራቸው ነገር አለ፦ ደንበኛው ስለ አሞርዛተሩ ሳይስማማ ድምፁን አታጥፉለት፤ ድምፁ ሲጠፋ ጆሮውም አብሮ ይዘጋል። አለቃችን ይህንን ሲሰሙ «ይህማ ሰውን በድምፅ ማገት ነው» ይሉኛል። ትንሽ እውነት ሳይኖራቸው አልቀረም፤ ወጣቱ ኳኳታው እያለ ቢስማማ ኖሮ የሚያስገጥመኝ እነዚያኑ የሞቱ አራቱን ነበርና።

አዲሱ ባለቤት በቅናሹ ገንዘብ ምን እንዳደረገ ያወቅኩት ተመልሶ ሲመጣ ነው። ባለ 17 ኢንቹን አስወግዶ ባለ 18 ኢንች ቸርኬ ከነስስ ጎማው ገዝቷል።

«አሞርዛተሩስ፣ ጋሼ?» አልኩት።

«እሱን ቆይ እናየዋለን። ለጊዜው ምንም ድምፅ የለውም» አለኝ፣ እያጽናናኝ ይመስል ትከሻዬን መታ አድርጎ።

ቸርኬዎቹን ገጠምኩለት፣ ባላንስ ሠራሁለት። ጎማው በመሳሳቱ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር አሞርዛተሩ የሚሸከመው ሥራ መጨመሩንም በካርዱ ላይ ጽፌለታለሁ፤ ፎቶ ማንሳት ስለሚወድ ለሚቀጥለው ገዢ ይጠቅም ይሆናል።