የገና ስጦታን ባለፈው ዓመት ቀን መቁጠሪያና ባረጀ ነጠላ መጠቅለል

ለስጦታ መጠቅለያ ከቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው መስከረም ላይ ከግድግዳ የወረደውን ቀን መቁጠሪያ ነው። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ጀርባው ንጹሕ ነጭ ነው፣ ትልልቆቹ የጫማ ካርቶን ያለብሳሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 29 አራት ወር ገደማ ስላለ፣ ተጠቅልሎ የቆየውም ተዘርግቶ ለመቃናት ጊዜ ይበቃዋል፤ ፍራሽ ሥር መክተት ነው። የቸኮለ ሰው ከተጠቀለለበት በተቃራኒው ጠቅልሎ አንድ ሌሊት ያሳድረው።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንበል። የእመቤታችን ወይም የቅዱሳን ሥዕል ያለበትን ቀን መቁጠሪያ ለዚህ ሥራ አታውሉት። መጠቅለያ ተቀዶ መሬት የሚጣል ነገር ነው፤ ሥዕሉን በመቀስ ለሁለት መክፈልም ሆነ ከእግር ሥር ማየት የሚቀበላችሁን ሰው ቅር ያሰኘዋል። ለኢድ ስጦታ ስትጠቀልሉም የቁርኣን ጽሑፍ ያለበት ገጽ እንዳይገባ እያንዳንዱን ወረቀት ገልብጣችሁ እዩ። የመልክዓ ምድር፣ የከተማ፣ የድርጅት ማስታወቂያ ያለበት ይበቃል።

ከመቁረጥ በፊት መለካት ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 18 ስፋት፣ 11 ቁመት ያለው የጫማ ካርቶን እንውሰድ። የወረቀቱ አንደኛው ጎን ካርቶኑን በወርዱ ዞሮ 3 ሴንቲ ሜትር መደራረቢያ ሊተርፈው ይገባል፦ 18 እና 11 ሲደመሩ 29፣ እጥፉ 58፣ ከመደራረቢያው ጋር 61። ሁለተኛው ጎን የካርቶኑ ርዝመት ሲሆን፣ በሁለቱም ጫፍ የቁመቱ ሦስት አራተኛ፣ 8 ሴንቲ ሜትር ግድም ይታከልበታል፤ 30 እና 16፣ በጠቅላላ 46። ስለዚህ የምትቆርጡት 61 በ46 ነው። ማስመሪያ ካጣችሁ ካርቶኑን በክር ዙሩት፣ ክሩን ወረቀቱ ላይ አስተኙት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጫፎቹ ላይ ነው። ወረቀት ሲተርፍ የሚያምር ይመስለዋል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ትርፉ ወረቀት ጫፉ ላይ ተከምሮ ያብጣል፣ ሙጫውንም ገፍቶ ይከፍተዋል። ጫፍ ላይ መጀመሪያ የሚታጠፉት ሁለቱ የጎን ክንፎች ናቸው፤ ወደ ውስጥ ስትገፏቸው ከላይና ከታች ሁለት ሦስት ማዕዘን ይወጣል። የላይኛውን አውርዱ፣ የታችኛውን ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በላዩ ላይ አምጡት። ያቺ የአንድ ሴንቲ ሜትር እጥፋት የመቀሱን ጠርዝ ስለምትደብቅ ሥራው ንጹሕ ሆኖ ይታያል።

የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ሁለት ጠባይ አለው። የሚያብለጨልጨው ፊቱ ስስ የማዕድን ሽፋን ስላለው በደረቁ ሲታጠፍ ይሰነጠቅና ነጭ መስመር ያወጣል። ማጠፊያውን መስመር ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶና በማስመሪያ አንድ ጊዜ ጫን ብላችሁ አስምሩት፣ ከዚያ እጠፉ። ሁለተኛው፣ ያ ሽፋን ውሃ ስለማይመጥ የዱቄት ሙጫ አይዘውም፤ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይነሣል። የሚጣበቀውን 2 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አድርጉት። እኛ ግን ነጩን ጀርባ ወደ ውጭ አድርገን መጠቅለልን እንመርጣለን። መሰንጠቁ አይታይም፣ ነጩ ላይም የፈለጋችሁትን ማተም ይቻላል።

ሙጫው ወጥ ቤት ውስጥ አለ። 3 የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በሩብ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ጓሉ እስኪጠፋ ድረስ እሹት። ከዚያ ሦስት ሩብ ብርጭቆ የፈላ ውሃ እያፈሰሳችሁ አማስሉ፣ ዝግ ባለ እሳት ላይ 3 ደቂቃ ያህል ሳትለቁ አማስሉ። ድፍን ነጭነቱ ጠፍቶ ሲያስተላልፍ በስሏል። ዱቄቱን በቀጥታ ሙቅ ውሃ ውስጥ የጨመረ ሰው ገንፎ ሲያገነፋ የሚያውቀውን ጓል ያገኛል፦ ውጩ ይበስላል፣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፣ ወረቀት ሥርም እንደ ብጉር ጉብ ይላል። ሙጫው ሲቀዘቅዝ በስሱ ቀቡ። ብዙ ስትቀቡ የወረቀቱ ክር ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ሲደርቅ ይጨማደዳል። ከሁለት ቀን በኋላ ይኮመጥጣል፣ ስለዚህ የሚበቃችሁን ያህል ብቻ ሥሩ። ፕላስተር ለምን አንመክርም? ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ሲላጥ ወረቀቱን ይዞ ይቀደዳል፤ ያ ወረቀት ለሌላ በዓል አይሆንም።

ለማተሚያ ድንች ለሁለት ክፈሉ። መስቀል፣ ኮከብ ወይም ቅጠል ሥላችሁ ዙሪያውን 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ቆርጣችሁ አንሡት። ፊቱን በጨርቅ ጥረጉና 10 ደቂቃ አቆዩት፤ ይህን የዘለለ ሰው የድንቹ ውሃ ቀለሙን አቅጥኖ ቅርጹን ያደበዝዝበታል። ቀለሙ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ሙጫና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ነው። ቢጫው ደማቅ ነው፣ ግን ፀሐይ ያጠፋዋል፤ ሳሙና የነካው እጅ ሲያገኘው ደግሞ ወደ ቀይ ይለወጣል። ጨርቅም ያቀልማል፤ ውስጡ ነጭ የሀበሻ ልብስ ካለ እርድ የነካው ወረቀት አይጠጋው። ቡናማ የፈለገ ከበረካ በኋላ ጀበናው ሥር የቀረውን አተላ 4 የሾርባ ማንኪያ ወስዶ በሁለት ብርጭቆ ውሃ 10 ደቂቃ ያፍላ፣ አጥልሎ ወረቀቱን በጨርቅ ይቀባ። ሁለቱንም ገጽ መቀባት ያስፈልጋል፤ አንዱ ብቻ ሲረጥብ ወረቀቱ ወደ አንድ ጎን ይጠቀለላል።

ጋዜጣም ይሆናል፣ ግን ስስ ነው፤ ሁለት ድርብ ካልሆነ የካርቶን ጥግ ይበሳዋል። ቀለሙ እጅና ነጭ ልብስ ይይዛል። የሚበላ ነገር በጋዜጣ አይጠቀለልም፤ ቆሎም ቢሆን ዳቦም ቢሆን። ገበያ ላይ ቅቤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲሸጥ ያየ ሰው ለምግብ የሚሆነው መጠቅለያ ምን ዓይነት እንደሆነ ያውቃል። ለቆሎ፣ ለሽሮና ለበርበሬ ታጥቦ በደንብ የደረቀ የማር ወይም የማርማላታ ጠርሙስ ውሰዱ፣ ክዳኑን በጨርቅ ቁራጭ አልብሱ። እርጥበት ከቀረበት ቆሎው ይለሰልሳል፣ በርበሬው ይሻግታል።

አሁን ወደ ጨርቁ። እውነቱን ለመናገር ወረቀት የሚሆነው ማዕዘን ላለው ነገር ብቻ ነው። ብርሌ፣ ጀበና፣ የሕፃን ልብስ፣ ድፎ ዳቦ በወረቀት ሲታገሉት ያስለቅሳል። በጨርቅ ደግሞ መቋጠር የቆየ ሙያችን ነው፤ ስንቅ ይቋጠራል እንጂ አይጠቀለልም። አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ሻሽ ያለው ሰው መቁረጥ እንኳ አያስፈልገውም፤ ሻሹ ራሱ የስጦታው አካል ይሆናል። ልኩ እንዲህ ነው፦ የጨርቁ ከጥግ እስከ ጥግ ርዝመት የዕቃውን ረጅም ጎን ሦስት እጥፍ ይሁን። 25 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ዕቃ 75 ማለት ነው፤ ጎኑ 53 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ይህን ይሰጣል። ዕቃውን በሰያፍ መሐል አስቀምጡ። ሁለቱን ትይዩ ጥጎች አልብሱት፣ ቀሪዎቹን ሁለቱን ከላይ ቋጥሩ። መጀመሪያ ቀኙን በግራው ላይ፣ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ። ሁለቱንም ጊዜ ቀኙን ካስቀደማችሁ ቋጠሮው ጆሮውን ወደ ጎን ከመዘርጋት ወደ ላይና ወደ ታች ያቆማል፣ በመንገድም ይፈታል። አይታችሁ የምታውቁት በዚህ ነው።

ያረጀ ነጠላ ስትጥሉ ጥለቱን አብራችሁ አትጣሉት። ጨርቁ ትከሻና ራስ ላይ ሳስቶ ሲበሳ ጥለቱ ጠንክሮ የተሠራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ይቀራል። ከእሱ የሚወጣ ማሰሪያ ከሱቅ ከሚገዛው የላስቲክ ሪባን ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን በመቀስ ብቻ የተቆረጠ ነጠላ ወዲያው ጠርዙ ይፈታና ይሟሟል፤ መስመሩም ይጣመማል። ስለዚህ ከጥለቱ ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር ራቁና በመርፌ ጫፍ አንዲት ማግ አንሡ። ቀስ እያላችሁ ምዘዟት። ክሯ ስትወጣ ጨርቁ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክፍት መስመር ትተዋለች፤ መቀሱ በዚያ ላይ ነው የሚሄደው። መሐል ላይ ከተበጠሰች፣ መበጠሷ አይቀርም፣ መስመሩን ተከትላችሁ እስከ ደረሰችበት ቁረጡና ጫፏን እንደገና ፈልጉ። በጥለቱ በሌላኛው ጎንም ጨርቅ ካለ እንዲሁ አድርጉ። ትርፉን 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ጀርባ አጥፋችሁ በስሱ ሙጫ ቀቡና በካውያ ተኩሱት። ሲደርቅ ጠጠር ይላል፣ አይፈታም፣ ሲታጠብም ሙጫው ይለቃል።

ከአንድ ጫፍ የሚወጣው ጥለት የነጠላው ወርድ ያህል ስለሆነ ካርቶኑን በመስቀል ሁለት አቅጣጫ አያዞርም። ለዚያ የጫማ ካርቶን መስቀለኛ ማሰሪያ ከነቋጠሮው 1 ሜትር ከ70 ይፈልጋል። በወርዱ ብቻ አንድ ጊዜ ማዞር ግን 58 ሴንቲ ሜትርና ለቋጠሮ 30፣ ማለትም 88 ነው። ለዚህ አንድ ጥለት ይበቃል፤ ደግሞም ጥለት አንድ ጊዜ ብቻ ሲዞር ንድፉ ጎልቶ ይታያል።

ለጠርሙስ ያረጀ ሸሚዝ እጅጌ ነው። ከእጅ መቆለፊያው ጀምሮ 40 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። የተቆረጠውን ጫፍ ገልብጣችሁ በክር ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩና መልሳችሁ ገልብጡት፤ ማሰሪያው ውስጥ ይቀራል። ጠርሙሱን ከእጅ መቆለፊያው በኩል አስገቡ። አፉ ከጠበበ ቁልፉን ፈትታችሁ አስገብታችሁ አንገቱ ላይ ቆልፉት። ሆዱ ሰፊ የሆነ ብርሌ ግን በእጅጌ አይገባም፤ እሱ የሻሽ ነው።

ስኒና ብርጭቆ እያንዳንዱ ለብቻው በጨርቅ ቁራጭ ይጠቀለል፣ በእንቁላል ትሪ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥ። ክፍተቱን በተቆራረጠ ደብተር ወይም በደረቅ ገለባ ሙሉት፤ ካርቶኑን ስትነቀንቁት ድምፅ ካሰማ አልሞላም። ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጠማ ግን ለዚህ አይሆንም፤ እርጥብ ነው፣ በሁለት ቀን ይሻግታል፣ ካርቶኑንም ያለሰልሰዋል። ከትሪው የተረፉትን ጉድጓዶች ቆርጣችሁ ጠርዛቸውን እንደ አበባ ቅጠል ብትሰነጥቁና በእርድ ብትቀቡ ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ይወጣቸዋል።

የማትጠቀሙባቸውም አሉ። የስሚንቶ ከረጢት ቢራገፍም ብናኙ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። የማዳበሪያና የፀረ ተባይ ከረጢት ቢታጠብም ለስጦታ አይሆንም። ፀሐይ ላይ የቆየ የላስቲክ ጆንያ ሲታሽ እየተፈረፈረ ስለሚበን ተዉት። ከቢሮ የተረፈ ወረቀት ላይ ደግሞ የሰው ስም፣ የሂሳብ ቁጥር፣ ፊርማ እንዳይኖር እዩ። ሱቅ የሚሸጠው አብለጭላጭ መጠቅለያ ወረቀት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ በእጅ ጨምድዱት፤ ሲለቀቅ ተመልሶ ከተዘረጋ ላስቲክ ነው፣ ከወረቀት ጋር አብሮ አይታደስም።

ስጦታው ወደ ውጭ አገር በሻንጣ የሚሄድ ከሆነ በሙጫ አታሽጉት። በአየር ማረፊያ ፍተሻ እንዲከፈት ሊጠየቅ ይችላል፤ የታሸገ ወረቀት ይቀደዳል፣ ቋጠሮ ግን ተፈትቶ መልሶ ይቋጠራል። በርበሬውን መጀመሪያ በሚገጥም ክዳን፣ ከዚያ በጨርቅ። ነጭ ጨርቅ ለበርበሬ አትምረጡ።

ስጦታው ተከፍቶ ሲያልቅ ወረቀቱን ዘርግታችሁ በስስ ጨርቅ ሥር ለብ ባለ ካውያ ተኩሱት፤ ሶፍት ተጠቅልሎበት የነበረው ካርቶን ላይ ጠቅልላችሁ አኑሩት። የተቀደደውን ጥግ ቆርጣችሁ አውጡና አነስ ላለ ዕቃ አውሉት። የጫማ ካርቶን ያለበሰ ወረቀት በሚቀጥለው ዓመት መጽሐፍ፣ ቀጥሎ የሳሙና ካርቶን ያለብሳል። ጥለቱን ታጥቦ ሳይተኮስ አታስቀምጡት፤ የእጥፋቱ መስመር ከከረመ በካውያም አይለቅም።