ብራኪዮፖድን የመለየት ልምምድ፦ የስድስተኛ ወር ማስታወሻ

«ባይቫልቭ» (ስካሎፕና ኦይስተር የሚመደቡበት የባሕር እንስሳት ወገን) የሚል ምልክት ከለጠፍኩባቸው አሥራ አራት ቅሪተ አካላት ውስጥ ዘጠኙን በዚህ ወር ብራኪዮፖድ፣ ማለትም ባይቫልቭ የሚመስል ግን የሌላ ወገን የሆነ የባሕር እንስሳ፣ ሆነው ስላገኘኋቸው፣ ይህን ማስታወሻ በእርማት መጀመር ግድ ሆኖብኛል። ያሳሳተኝ ሁለቱም እንስሳት ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ያላቸው መሆኑ ነው። የባይቫልቭ ክዳኖች ከግራና ከቀኝ ስለሚገጥሙ ብዙውን ጊዜ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ የብራኪዮፖድ ክዳኖች ግን አንዱ በጀርባ፣ ሌላው በሆድ በኩል ስለሚገኙ በመጠንም በቅርጽም ይለያያሉ፤ በአንጻሩ እያንዳንዱ ክዳን ከምንቃሩ (ክዳኖቹ በሚጋጠሙበት በኩል ካለው ሹል ጫፍ) እስከ ፊተኛው ጠርዙ በመሃል ቢከፈል ግራና ቀኙ ይመሳሰላል። አሁን ናሙና ባነሳሁ ቁጥር አስቀድሜ የምፈልገው ይህንን መስመር ነው። (የስካሎፕ ክዳን ለብቻው ሲታይ ግን ጀማሪን ያታልላል።)

ከዘጠኙ ሰባቱ ተዘግተው መገኘታቸውም ምክንያት አለው። የባይቫልቭን ዛጎል የሚከፍተው እንደ ሞላ የሚሠራ ጅማት ስለሆነ፣ እንስሳው ሞቶ የመዝጊያ ጡንቻዎቹ ሲላሉ ክዳኖቹ ይከፈታሉ፤ ብራኪዮፖድ ግን ለመክፈትም ጡንቻ ስለሚያስፈልገው ከሞተ በኋላ ዛጎሉ ብዙ ጊዜ እንደተገጠመ ይቀራል።

በንባብ በኩል ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ የጥንት ባሕር ሙቀት ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ብራኪዮፖዶች ዛጎላቸውን የሚሠሩት ማግኒዥየሙ አነስተኛ ከሆነ ካልሳይት ሲሆን፣ ይህ ማዕድን ሌላው የዛጎል ማዕድን ከሆነው ከአራጎናይት ይልቅ ሳይለወጥ ለረጅም ዘመን ይቆያል። ውኃው በቀዘቀዘ መጠን ወደ ዛጎሉ የሚገባው ኦክስጅን 18 (ከባዱ የኦክስጅን ዓይነት) ከኦክስጅን 16 (ከቀላሉ) አንጻር ስለሚጨምር፣ የሁለቱን ምጥጥን በመለካት የዘመኑን ሙቀት መገመት ይቻላል። ሆኖም በየብስ ላይ የተከማቸ በረዶ ቀላሉን ኦክስጅን ይዞ ስለሚቀር፣ በረዶው ሲበዛ የባሕሩ ውኃ ራሱ በከባዱ ይበለጽጋል፤ ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻውን ስለ ቅዝቃዜ አይመሰክርም፤ ዛጎሉ በኋላ ዘመን አለመለወጡም አስቀድሞ መመርመር አለበት። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ሳነብ የራሴን ችኩል ምልክቶች አለማሰብ አልቻልኩም።

ባይቫልቮች ብራኪዮፖዶችን ቀስ በቀስ ገፍተው አስወጧቸው ብዬ በመጀመሪያው ወር መጻፌም መታረም አለበት። የቅሪተ አካል ተመራማሪዎቹ ስቲቨን ጄይ ጉልድና ብራድፎርድ ካሎዌይ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙት ጥናት፣ የሁለቱ ዕጣ የተገላበጠው በረጅም ፉክክር ሳይሆን በዋናነት ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በደረሰው የፐርሚያን ዘመን ማብቂያ እልቂት መሆኑን አሳይቷል። ዛሬ በሕይወት የሚገኙት የብራኪዮፖድ ዝርያዎች 400 ያህል ሲሆኑ፣ በቅሪተ አካል የታወቁት ከ12,000 ይበልጣሉ።

ከዘጠኙ አንዱ አሁንም አስቸግሮኛል። ጠፍጣፋ ነው፤ በምንቃሩ ላይ ደግሞ እንስሳው ከድንጋይ ጋር የሚጣበቅበት ግንድ የሚወጣበት ቀዳዳ አይታይም፤ ምናልባት በጭቃ ላይ ሳይጣበቅ የሚኖር ነበር። በምልክቱ ላይ «ስትሮፎሜኒድ» (ከምድር የጠፋ የብራኪዮፖድ ወገን) ብዬ በእርሳስ ጽፌ የጥያቄ ምልክት አክዬበታለሁ።